የሜምፊቦስቴ አህያ

የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ በሁለት እግሩ ሽባ ነበረ። ንጉሥ ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ ከኢየሩሳሌም በወጣ ጊዜ፥ ሜምፊቦስቴ አህያውን ጭኖ ሊከተለው ወደደ፤ ነገር ግን አገልጋዩ ሲባ የተጫኑትን አህዮች ነድቶ ቀደመና በንጉሡ ፊት ጌታውን አማው። ዳዊትም ሳይመረምር የሽባውን ርስት ሁሉ ለጤነኛው ሰጠ።

ይህ ታሪክ ለዘመናችንም ትምህርት ይሆናል። በሀገራችን የአካል ጉዳት ያለበት ሰው፥ የሐኪሞች ማስረጃ ሲያቀርብ፥ መኪና ከቀረጥ ነፃ ያስገባ ዘንድ በመመሪያ ተፈቅዶለታል። ቀረጡና ሌላው ግብር የመኪናን ዋጋ እጅግ ከፍ ስለሚያደርገው መብቱ ትልቅ ነው፤ ትልቅም ስለ ሆነ የሲባ ወገኖች በጉዳተኛው ስም ለራሳቸው ሊነዱ ይመኛሉ። ስለዚህ ምርመራ የጉዳተኛው ጠባቂ ነው እንጂ ጠላቱ አይደለም።

ነገር ግን የሚመረመረው ምንድር ነው? በቅኔ ቤት አብሮኝ የተማረ፥ የልጅነት ልምሻ አንድ እግሩን ያሰለለው መሪጌታ በሐሮ ወንጪ አፋፍ ይኖራል። በባሕር ማዶ ያለች እኅቱ የመኪና ዋጋ ልትልክለት ባሰበች ጊዜ ወደ ሐኪሞች ቀረበ። እነርሱም በሊሾ ወለል ላይ ዐሥር እርምጃ አስኬዱትና «መራመድ ይችላል» ብለው ጻፉ። እውነት ጻፉ፤ ወለሉ ሜዳ ነበርና። ወንጪ ግን ሜዳ አይደለም። ጤነኛው በእግሩ የሚወጣውን ዳገት እርሱ በፈረስ እንኳ ያለ ደጋፊ አይወጣውም፤ ወደ አምቦ የሚሄደው መኪና ከሚቆምበት ስፍራ ለመድረስም የሰው ትከሻ ያሻዋል።

በቅኔ ሰሙን ይዞ ወርቁን የሳተውን ተማሪ መምህሩ ወደ ቈጠራው ይመልሰዋል። በዚህም ነገር እግሩ ሰም ነው፤ ወርቁ መንገዱ ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም ጉዳተኝነትን በሰውነት ጉድለት ብቻ አይወስነውም፤ ጉድለቱ ከውጭ መሰናክል ጋር ሲገናኝ የሚመጣ መሆኑን ያስተምራል።

እንግዲህ ሐኪሙ እግሩን ከመረመረ በኋላ «ቤትህ ወዴት ነው? ሥራህስ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በማስረጃው ላይ ይጻፍ። ዳዊት እውነቱን በኋላ በሰማ ጊዜ ርስቱ ለሁለቱ እንዲከፈል ፈረደ እንጂ ለሽባው ሙሉውን አልመለሰለትም። የዘገየ ምርመራ እኩሌታውን ያስቀራልና።