ልጁም ይጠየቅ



እዚህ ካኩማ ካምፕ ክሊኒክ ውስጥ ማስተርጎም ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ነርሷ ልጁን “የት ላይ ነው የሚያምህ?” ስትለው መልስ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ አብሮት የመጣው ትልቅ ሰው ነው። ልጁ አቀርቅሮ መሬት ያያል። በወጋችን ታላቅ እያለ ታናሽ አይቀድምም፤ ጨዋነቱ ደስ ይላል። የሚያመው ግን ልጁን ነው።

ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ የምትባል የአይቮሪኮስት ልጅ ነበረች። ወላጆቿ ተምራ ሰው ትሁን ብለው ለአባቷ አክስት በአደራ ሰጧት። ሴትዮዋ በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ለንደን ወሰደቻት። በዚያው ዓመት ሁለት ሆስፒታሎች አይተዋታል፤ በአንደኛው ሰውነቷ ላይ ያለው ቁስል “እከክ ነው” ተባለ። ልጅቱ የምትናገረው ፈረንሳይኛ ነበር፤ ስለ እርሷ የምታወራው አሳዳጊዋ ነበረች። በየካቲት 2000 በ8 ዓመቷ ሞተች። አሳዳጊዋና የአሳዳጊዋ ወዳጅ በግድያ ተፈረደባቸው። በ2003 የወጣው የሎርድ ላሚንግ የምርመራ ሪፖርት ልጅቱን ለማዳን የሚቻልባቸው ቢያንስ 12 አጋጣሚዎች እንዳመለጡ ገለጸ።

አደራ የተቀበለ ዘመድ ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። በዚህ ካምፕ የሰው ልጅ እንደ ራሱ አድርጎ ያሳደገ ስንት አለ!

እንግዲህ ወላጆች፣ ነርሷ “እስቲ ውጭ ጠብቁኝ” ብትላችሁ አትቀየሙ። የተጠረጠራችሁ አይምሰላችሁ። በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 3 የልጁ ጥቅም በቅድሚያ ይታሰብ ይላል፤ በአንቀጽ 12 ደግሞ ልጁ ስለ ራሱ ጉዳይ ሐሳቡን ይግለጽ ይላል። “ልጄን ይወስዱብኛል” የምትሉም አላችሁ፤ ይህን ፍርሃት በደንብ አውቀዋለሁ። ፈርቶ ልጅን ከሕክምና ማስቀረት ግን ልጁን ይጎዳል እንጂ ማንንም አይጠቅምም።

እናንተ ተማሪዎች ደግሞ “ብቻዬን ላናግርሽ” ማለት ነውር አይደለም። ነርሷ ምስጢር ትጠብቃለች። ሰው የሚጎዳችሁ ከሆነ ግን ለሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛ መንገር አለባት፤ “ለማንም አልናገርም” ብላ ቃል ልትገባላችሁ አይገባም። ለማን እንደምትነግር ጠይቋት።

አስተርጓሚው ጎረቤታችሁ ወይም ዘመዳችሁ ሆኖ ካፈራችሁም ሌላ ይምጣልኝ በሉ። እኔም ብሆን አይከፋኝም፤ ወንበሬን ይዤ በረንዳው ላይ እቀመጣለሁ።