አውቅ ነበር፣ ግን ማቆም አቃተኝ

መጋቢት ላይ ነው፤ ጋምቤላ ፀሐዩ አናት የሚበሳበት፣ የባሮ ወንዝም ጎድሎ አሸዋው የሚወጣበት ወር። የ14 ዓመቱን የእህቴን ልጅ የእናቱን የደም ግፊት መድኃኒት እንዲገዛ 300 ብር ሰጥቼ ላክሁት። ሳይመለስ አመሸ። ፈልጌ ያገኘሁት ሰፈራችን ካለው ፕሌስቴሽን ቤት ነው፦ የቆርቆሮ ክፍል፣ ትኩስ አየር የሚያማስል አንድ ቬንቲሌተር፣ አግዳሚ ላይ ተራ የሚጠብቁ ልጆች። ሕጉ "ተሸናፊ ይከፍላል" ነው። ተሸነፈ፤ ላስመልስ ብሎ ደገመ፤ አሁንም ተሸነፈ፤ የመድኃኒቱ ብር እዚያው ቀለጠ። ትከሻውን ስይዘው ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ አውራ ጣቱ ጆይስቲኩ ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ "ጋሼ፣ ይቺን ብቻ ልጨርስ" አለኝ።

መታሁት። ሌባ አልኩት። ማታ እያለቀሰ "የእማዬ ብር እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ግን ማቆም አቃተኝ" ሲለኝ ሰበብ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ሳነብ ግን እውነቱን እንደነገረኝ ገባኝ።

ነገን አስቦ "ይቅርብህ" የሚለን ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል፣ ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ፣ እድገቱን የሚጨርሰው 25 ዓመት አካባቢ ነው። ሽልማትን የሚያሳድደው የውስጠኛው ክፍል ግን ገና በጉርምስና ይነቃል። ፈረሱ ደርሷል፣ ልጓሙ ገና እየተሰፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ በሆነ የለንደን ጥናት፣ 8 ወንዶች የታንክ ጌም ሲጫወቱ አንጎላቸው ውስጥ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር ጨምሮ ታይቷል። እነዚያ አዋቂዎች ነበሩ። የጌም ሱስ ያለባቸውን ወጣቶች አንጎል በኤምአርአይ ያዩ ጥናቶች ደግሞ ራስን በሚገታው የፊት ክፍል ግራጫው የአንጎል አካል ከእኩዮቻቸው በአማካይ አንሶ አግኝተዋል፤ ልጆቹ በችኩልነት መለኪያም ከፍ ይላሉ። ጌሙ ነው ያሳነሰው፣ ወይስ ልጓሙ የላላ ልጅ ነው ቀድሞ ጌም ውስጥ የሚሰምጠው? አንድ ጊዜ የተነሳ ምስል ይህን አይለይም። ስለዚህ "ጌም አንጎልህን በላው" እያላችሁ ልጆቻችሁን አታስፈራሩ።

የሚጫወት ሁሉ ሱሰኛም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ችግር በበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ሲያጸድቅ፣ ራስን መቆጣጠር አለመቻል፣ ጌምን ከሁሉ ማስቀደም፣ ጉዳቱን እያዩም መቀጠል አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ሊታይ ይገባል ብሏል። የእኛ ልጅ እዚያ አልደረሰም። ግን በዚህ ሙቀት ከትምህርት ቤት ሲወጣ ጥላም ጓደኛም የሚያገኝበት ቤት ያ ብቻ ከሆነ፣ መሸነፉም ብር ካስከፈለው፣ በዚያ ልጓም እንዴት ይቁም?

ዱላዬ አንድ ቀን እንኳ አላስቀረውም፤ መደበቅ ብቻ አስተማረው። አሁን ብር አስይዤ አልልከውም። ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን፤ የሦስት ጨዋታ ሂሳብ ቀድሜ እከፍላለሁ፤ ከዚያ ባሮ ዳር ወርደን ማንጎ ጥላ ሥር እንቀመጣለን። ባለፈው ቅዳሜ ሦስተኛውን ተሸነፈ። "ልድገም" ሊል አፉን ከፈተና አየኝ። ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።