ሥጋው የእሳቸው፣ እሳቱ የእኔ

የአሳማ ሥጋ በልቼ አላውቅም፤ ወደፊትም የምበላ አይመስለኝም። ሆኖም ባለፈው ነሐሴ፣ ያውም በፍልሰታ ጾም መሐል፣ 4 ኪሎ የሚመዝን የአሳማ ወርች ከማታ 3 ሰዓት እስከ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል በጢስ ሲበስል እሳቱን ስጠብቅ አድሬያለሁ። ይህን የሰማ ጓደኛዬ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ኧረ ለምን?» መልሱ ትንሽ ረዘም ይላል።

የምኖረው ሰሜን ካሮላይና፣ ደርሃም ከተማ ነው። ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው። ጎረቤቴ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። እንግሊዝኛ አንቱታ ባይኖረውም እኔ በልቤ አንቱ እላቸዋለሁ። በመጣሁ በመጀመሪያው ዊንተር በረዶ የሸፈነው መኪናዬ ፊት ግራ ገብቶኝ ስቆም፣ አካፋና መጥረጊያ ይዘው ወጡና ሳልጠይቃቸው ጠረጉልኝ። ከዚያ ወዲህ ጉርብትናችን የአገር ቤት ዓይነት ሆነ። የቤቴ መለዋወጫ ቁልፍ እሳቸው ጋ ነው፤ ዋይፋያቸው ሲበላሽ ደግሞ የሚያንኳኩት የእኔን በር ነው።

በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ቤተሰባቸው ከየስቴቱ ይሰበሰባል። የዚያን ቀን ወርቹን የሚያበስሉት እሳቸው ናቸው፤ ከእሳቸው በፊት አባታቸው ነበሩ። እዚህ አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በሰሜን ካሮላይና ምሥራቁ ክፍል አሳማውን እንዳለ ሙሉውን አብስለው በኮምጣጤና በሚያቃጥል በርበሬ ያጣፍጡታል። ሌክሲንግተን አካባቢ ደግሞ ወርቹን ብቻ መርጠው ኮምጣጤው ላይ ትንሽ ኬችአፕ ያክሉበታል። ሁለቱ ወገኖች ሲከራከሩ ብትሰሙ፣ ክትፎ ጥሬ ነው ወይስ ለብለብ ብለው የሚጣሉ የኛ ሰዎች ትዝ ይሏችኋል። ሌሊቱን ሙሉ ፍም እየጠበቁ ሙያውን ካቆዩት ሰዎች ብዙዎቹ ግን በባርነት ዘመን የኖሩ ጥቁሮች ናቸው። ጎረቤቴ ይህን በንግግር አያነሱትም። ዝም ብለው እሳታቸውን ይጠብቃሉ።

ያን ሰሞን ግን የልብ ቀዶ ሕክምና አድርገው ገና ማገገማቸው ነበር። ከባድ ነገር ማንሳትም ሌሊት መቆምም ተከለከሉ። ልጆቻቸው «ዘንድሮ ከምግብ ቤት እንግዛ» አሏቸው። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ቅሬታ የምግብ ቅሬታ አልነበረም። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የያዘው ቦታ በአንድ የስልክ ትእዛዝ ሲወሰድበት የሚሰማው ነገር ነበር። ቆይተው፣ ትንሽ አፈር ብለው፣ «አሳማ እንደማትበላ አውቃለሁ። መብላት የለብህም። የምፈልገው ነቅቶ የሚያድር ሰው ብቻ ነው» አሉኝ።

ድርሻ ተከፋፈልን። ሥጋውን ተቀምጠው ያሹታል፣ ይቀምሙታል፤ እሳቱ የእኔ ነው።

ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ያለውን አውቃለሁ። ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፣ ግን አያመሰኳም። «እሳት ካየው ምን ለየው» የምትለዋን ተረት አንስቼ ራሴን ላታልል አልፈለግኩም። ይለየዋል እንጂ! ለእኔ ይለየዋል። ለእሳቸው ግን አይለየውም፤ የእሳቸው ድግስ ደግሞ የእኔን ጾም መጠበቅ የለበትም። ሁለቱ ነገሮች አንድ ግቢ ውስጥ አብረው ማደር እንደሚችሉ አሰብኩና ተስማማሁ።

ስሞከሯ ትንሽ ነች። ወርዷ 36 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ጥይት የምትመስል ጥቁር በርሜል በሏት። ከታች ከሰል፣ ከመሐል ውኃ የያዘ ሳህን፣ ከላይ ሥጋው። የሚፈለገው ሙቀት ከ107 እስከ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ዘዴው ያልተቀጣጠለውን ከሰል ሞልቶ መሐሉ ላይ ጥቂት የጋለ ፍም መጣል ነው፤ እሳቱ ራሱ ቀስ እያለ ይዛመታል። ሙቀቱን የምትቆጣጠሩት ከታች ባሉት የአየር ቀዳዳዎች ነው። ዛሬ ጠበብ ያደረጋችሁት ቀዳዳ ውጤቱን የሚያሳያችሁ ከ15 ወይም ከ20 ደቂቃ በኋላ ነው። ምላሹ የሚዘገይ ሲስተም ላይ የሠራ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ነገር የሚያበላሸው መልሱን ሳይጠብቁ ደጋግሞ መነካካት ነው። ትልቅ ስሞከር አንዴ ከሞላችሁት ሌሊቱን ይዘልቃል። የትንሿ ሆድ ግን ጠባብ ነው። ሌሊት ላይ አመዷ መራገፍ፣ ከሰል መጨመር አለበት። ነቅቶ የሚያድር ሰው ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ከሰሉ ላይ ሁለት ጉማጅ የሂኮሪ እንጨት ጣልኩ። መጀመሪያ የሚወጣው ነጭ ወፍራም ጢስ ሥጋውን ያመረዋል፤ እሱ እስኪያልፍ ይጠበቃል። ጢሱ ሳስቶ ሰማያዊ ሲመስል ሥጋው ይገባል። ሽታው ሲመጣ በሐሳብ አያቴ ጓዳ ገባሁ፤ የእርጎ ቅሏን በወይራ ስታጥን። እኛም እኮ የጢስ ሰዎች ነን። የታጠነውን የጠላ ጋን፣ ከምድጃ በላይ የተሰቀለውን ቋንጣ አስቡት። እንጨት ሲጤስ ሊግኒን የሚባለው ክፍሉ ይፈራርስና እንደ ጓያኮል ያሉ ሽታ ሰጪ ውሕዶች ይለቃል። ወይራም ሂኮሪም የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሥጋው የውስጥ ሙቀት 70 ዲግሪ ደረሰና ቀጥ አለ። ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት፣ ፍንክች የለም። እዚህ «ስቶል» ይሉታል። ጀማሪ እዚህ ጋ ይደነግጥና ከሰል ይከምራል። ነገሩ ግን ተራ ፊዚክስ ነው፤ ሥጋው እያላበው ነው። 1 ኪሎ የፈላ ውኃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ 2,260 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይፈጃል። ያንኑ ውኃ ከ0 ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ ከሚያስፈልገው ከአምስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ከሰሉ የሚሰጠውን ሙቀት ላቡ ተሸክሞት ይሄዳል። የሸክላ ገንቦ ውስጥ ያለ ውኃ በጠራራ ፀሐይ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። መፍትሔው ወይ መጠበቅ ነው፣ ወይ ቅርፊቱ ሲጠቁር በፎይል መጠቅለል። ላቡ መውጫ ሲያጣ ሙቀቱ እንደገና ይነሳል።

9 ሰዓት ላይ፣ ከሰል ጨምሬ አመዱን ሳራግፍ፣ እናቴ ደወለች። አዲስ አበባ ጠዋት 4 ሰዓት ነው፤ ከቅዳሴ መመለሷ ነበር።

«ምነው አልተኛህም?»

ነገርኳት። ሁሉንም፣ የአሳማውንም ጭምር። ዝም አለች። ስብከት ልትጀምር ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

«ታዲያ ካልቀመስከው» አለች በመጨረሻ፣ «ጨው መብዛት አለመብዛቱን በምን ታውቃለህ?»

ሳቅኩ። እሷ ግን የምሯን ነው። የፋሲካን ዶሮ ወጥ ዕድሜዋን ሙሉ ሳትቀምሰው ነው የሠራችው። 55 ቀን ጾማ፣ ቅዳሜ ሌሊት ድስቱ ሥር ተቀምጣ፣ ሽንኩርቱን በሽታው፣ ቁሌቱን በቀለሙ፣ ጨውን በመዳፏ ለክታ። እኛ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን የመጀመሪያውን ጉርሻ እስክንውጥ ድረስ ዓይናችንን ታያለች። ለካ ያንን ፊቷን የማውቀው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፤ ያን ሌሊት ግን ከበረንዳው ላይ ሆኜ ገባኝ።

«የቀመሙት ሰውዬው ናቸው» አልኳት። «ጨውን እሳቸው ያውቃሉ።»

«እንግዲያው አንተ እሳትህን ጠብቅ። እጅህን ደግሞ ታጠብ።»

ከዚያ ጠየቅኳት፤ «እማዬ፣ ለፋሲካ ሽንኩርቱን ማን ከተፈልሽ?» ጉልበቷን ካመማት ቆየ። እኔ አገር ቤት ፋሲካን ካሳለፍኩ 5 ዓመት ሆኖኛል።

«እህትህ ከሆቴል እንዘዝ ስትል ነበር።»

«ምን አልሻት?»

«እኔ በቁሜ?»

ከዚያ በኋላ ብዙ አላወራንም። ስልኩን ዘግቼ ሥጋውን በጓንት አንስቼ በፎይል ጠቀለልኩት።

ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ቴርሞሜትሩ 95 ዲግሪ አለ። ሥጋው ለጤና አስተማማኝ የሚሆነው ከዚህ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ወርች ግን ጅማቱ ብዙ ነው፤ ጅማቱ ውስጥ ያለው ኮላጅን ወደ ጄላቲን ተለውጦ እስኪለሰልስ ረጅም ሰዓትና ከፍ ያለ ሙቀት ይፈልጋል። ፎጣ ውስጥ ጠቅልለን በረዶ በሌለው ኩለር ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ አሳረፍነው።

6 ሰዓት ገደማ ግቢው በሰው ተሞላ። ጎረቤቴ ወንበራቸውን ጠረጴዛው አጠገብ አስጠግተው አጥንቱን በሁለት ጣት ያዝ አደረጉና ሳብ አሉት። ባዶውን፣ ነጭ ሆኖ ወጣ። ልጆቹ ጮኹ። እሳቸው ቁራሽ ቆርጠው አፋቸው ውስጥ ከተቱ፤ እኔም ዓይናቸውን ሳይ ቆየሁ።

«ጨው ልክ ነው» አሉ። ከዚያ ትልቁን የልጅ ልጃቸውን ጠርተው፣ «በሚመጣው ዓመት ከዚህ ልጅ ጋር የምታድረው አንተ ነህ» አሉት። ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ሴት ልጃቸው አንድ ሳህን ጎመን ይዛልኝ መጣች። እዚህ ጎመን ብዙ ጊዜ የሚቀቀለው በጢስ ከደረቀ የአሳማ ሥጋ ጋር ነው። «ለብቻው በዘይት ነው የሠራሁት፤ ቅቤም የለው። አባባ ጾም ላይ ነው ብሎኛል» አለች። ቆሜ በላሁት፣ ደገምኩም።

ማታ ስልኬን ስከፍት ከእናቴ አንድ መልእክት ነበር፤ «ጨውስ?»

«ልክ ነው አሉ» ብዬ መለስኩላት።