የዋግ ተራሮችና የወጣቱ ማመልከቻ

ከላሊበላ ተነስተን ብልባላን አልፈን ወደ ሰሜን ስናቀና የተቀበለን ድንጋያማ ተራራና ጥልቅ ሸለቆ ነው። የዋግ ኽምራ መዲና የሆነችው ሰቆጣ በዚህ መካከል ተቀምጣለች። በገበያዋ አማርኛና ኽምጠኛ ተደባልቀው ይሰማሉ። አገሩ በማርና በፍየል የታወቀ ቢሆንም ዝናብ ሲቀር ማሳው ባዶ ይሆናል። የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ያወጀው ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም የተጠራውም ያለ ምክንያት አይደለም።

የሚያስገርመው ግን ውሃው ሩቅ አለመሆኑ ነው። ተከዜ በቆላው ይወርዳል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ያቆረው ሐይቅ እስከ አበርገሌና ዝቋላ ወረዳዎች ይደርሳል። ወንዙ ከታች፣ ማሳው ከላይ ነው። ሁለቱን ለማገናኘት የተማረ ሰው ያሻል።

ከዙህር ሶላት በኋላ በመስጂድ ያገኘነው አንድ ወጣት የሚያስበው ይህንኑ ነበር። በሲቪል ምህንድስና ተመርቋል፤ በውሃ ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ማመልከት ይፈልጋል። አባቱ ግን፣ «ኡስታዝ፣ ታናናሾቹ ገና ናቸው። ሥራ ይዞ ቢያግዘን አይሻልም ወይ?» ሲሉ ጠየቁን።

ጥያቄው ተገቢ ነው። የወላጅ ሐቅ ከዲግሪ አይቀልም። ይሁንና ማመልከትና ሥራ መፈለግ አይጣሉም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ለድህረ ምረቃ ትምህርት አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል። ፈተናው የሒሳብ፣ የቋንቋና የማመዛዘን ችሎታን ይለካል፤ በኮምፒውተር ስለሚሰጥም አስቀድሞ መለማመድ ይበጃል። ኦፊሺያል ትራንስክሪፕትን አመልካቹ በእጁ አይወስደውም፤ የተመረቀበት ዩኒቨርሲቲ ነው የሚልከው። ስለዚህ መንገዱ ሩቅ የሆነበት የሰቆጣ ልጅ ከሌላው ቀድሞ ይጀምር። መሥሪያ ቤት ያለው ደግሞ ወጪውን ይሸፍንለት እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ምርጫውም በስም ብቻ አይሁን። አርባ ምንጭ በ1979 ዓ.ም. በውሃ ቴክኖሎጂ ተቋምነት የተጀመረ ነው። ባሕር ዳር ለዋግ ይቀርባል፤ የአዲስ አበባው አምስት ኪሎም አለ። አመልካቹ የትኛው ክፍል የትኛውን ችግር እንደሚያጠና ይመርምር፤ ኢስቲኻራ ይስገድ፤ የሚያውቁትንም ያማክር።

ከ1 ሺህ ዓመት በፊት የበስራው ሊቅ ኢብኑል ሀይሠም የዓባይን ውሃ ለመቆጣጠር ወደ ግብጽ ተጠርቶ እስከ አስዋን ወጣ፤ ቦታውን በዓይኑ ሲያይም ዕቅዱ እንደማይሆን ተረዳ። የተከዜም ውሃ መጨረሻው ዓባይ ነው። መሬቱን የሚያውቅ፣ ዳገቱን በእግሩ የወጣ ልጅ ቢማርበት የሚሆነውን ከማይሆነው ለመለየት ይቀርባል።

አባትየው ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያውስ ፈተናውን ይውሰድ፤ እስከዚያው ሥራውንም ይፈልግ» አሉ። ወጣቱም ተምሮ ለዋግ ሊመለስ ነይቷል። ውድ ወላጆች፣ ወንድና ሴት ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ሐሳብ ይዘው ሲመጡ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ አስሉ። አላህ ያግራላቸው።