የአባቴ ስሙኒ

በ1984 ዓ.ም. ስንጋባ አባቴ ከቀየት ድረስ መጥቶ ለባለቤቴ የሰጣት ስጦታ በጨርቅ የተቋጠረ አንድ ሳንቲም ነበር። ቋጠሮውን ስትፈታው ነጣ ያለ፣ ጠርዙ ላይ ግን መዳብነቱ ብቅ ያለ ክብ ስሙኒ አገኘች። አባቴ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገራት፤ እሷም ፈገግ አለች። እኔ ግን በሚዜዎቼ ፊት አፈርሁ። የሌላው አባት ለሙሽራ ወርቅ ያጠልቃል፤ የእኔ አባት ከአገልግሎት የወጣ ስሙኒ!

ውድ አንባቢያን፣ ዕድሜያችሁ ገፋ ያለ ከሆነ የምታስታውሱት ስሙኒ ዙሪያው እንደ አበባ የተጠረበውን ይሆናል። መጀመሪያ ግን እንዲያ አልነበረም። 1936 ዓ.ም. የሚል የታተመበት የፊተኛው ስሙኒ ክብ የመዳብ ሳንቲም ነበር። ሽልንግ የምንለው ሃምሳ ሳንቲም ደግሞ ያኔ የብር ነበር። ስለሚቀራረቡም ተንኮለኛው ስሙኒውን ብር እየቀባ በሽልንግ ዋጋ ያሳልፈው ጀመር። ስለዚህ ክቡ ተሰበሰበና በጨለማ እንኳ በጣት የሚለየው ባለ ጥርብ ጠርዙ ወጣ። ቅርጹ ተለውጦም 1936 የሚለው አልተለወጠም፤ ማርትሬዛ መቼም ብትታተም 1780 እንደምትል ማለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ሙከራ ሳንቲሞች አነበብሁ። መንግሥታት አዲስ ቅርጽ ወይም ማዕድን ለመፈተን ያትሙና ያልተወደደውን መልሰው ያቀልጡታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 አንድ ሳንቲሟን በአሉሚኒየም ልትሠራ አስባ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ አትማ ነበር። ሳይወጡ ቀለጡ፤ ለናሙና ከተሰጡት ግን ጥቂቶቹ አልተመለሱም። ከእሳት ያመለጠ እንዲህ ያለ ሳንቲም በሰብሳቢዎች ዘንድ ውድ ነው። የእኛ ክብ ስሙኒ በእርግጥ የሙከራ አይደለም፤ ገበያ ወጥቶ ነው የወደቀው። ቢሆንም ልቤ ተነሣ። የልጃችን የኮሌጅ ክፍያ ደርሶ ነበርና ለባለቤቴ ሳልነግራት ከሣጥኗ አውጥቼ ወደ አንድ የድሮ ዕቃ ነጋዴ ወሰድሁት።

ነጋዴው ጥጉን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገና መለሰልኝ። «የተቀባ ነው፤ ሰብሳቢ አይፈልገውም።»

ቤት ስደርስ ሣጥኑ ተከፍቶ፣ ባዶው ጨርቅ አልጋው ላይ ተዘርግቶ ነበር።

«ስንት አለህ?» አለችኝ።

የምለው ጠፋኝ።

«አባባ በሠርጋችን ዕለት የነገሩኝን ልንገርህ? በወጣትነታቸው በግ ሸጠው በሽልንግ ፈንታ የተቀበሉት ነው። ሲመሽ፣ በገበያ ግርግር፣ ለሌላ ሰው ሊያሳልፉት ይችሉ ነበር። ‹እኔን ያቃጠለኝ ሌላውን ለምን ያቃጥለው› ብለው ቋጠሩት። ለእኔም ‹ይህ ልጅ የዋሸሽ ቀን አውጥተሽ አሳዪው› አሉኝ። እስከ ዛሬ አላወጣሁትም ነበር። አንተው ራስህ አወጣኸው።»

ሳንቲሙን በመዳፏ ላይ አኖርሁት። ነጋዴው የፋቀው ጥግ ቀልቶ ይታያል። ይቅርታ ጠየቅኋት። እሷም መልሳ ቋጠረችውና ወንበር ስባ ተቀመጠች። «በል እንግዲህ፣ ስለ ክፍያው አብረን እናስብ» አለችኝ።