ብዙ ወራሽ፣ አንድ ዘበኛ

የሕንድ ፊልም እያየን ያደግን ልጆች «ሐቬሊ» የሚለውን ቃል ከትርጉሙ በፊት ነው የለመድነው። በሰፈር ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ስናይ፣ ጢሙን ወደ ላይ የጠቀለለው ባለጸጋ የሚቀመጥበት፣ ሙሽራዋ እያለቀሰች የምትገባበት፣ አክተሩ በመጨረሻ በሩን በእርግጫ ገንጥሎ የሚገባበት ትልቅ ግቢ ሐቬሊ ይባላል። አክተሩ እንደማይሞት እናውቅ ነበር። ቤቱ እንደሚሞት ግን የነገረን አልነበረም።

ይህን የምንጽፈው ሦስታችን በተለያየ ዓመት ወደ ደልሂ ለትምህርት ሄደን እዚያ የተገናኘን ነን። ከአገራችን ወደ ሕንድ ሄዶ የተማረ ሰው ብዙ ነው፤ አብዛኛውም ታጅ ማሃል ፊት ለፊት ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። እኛም ፎቶው አለን። አንድ የክፍላችን ልጅ ግን «ታጅ ማሃል የንጉሥ ነው። የነጋዴ ቤት ማየት ከፈለጋችሁ ወደ እኛ አገር ሂዱ» አለን። በክረምቱ ዕረፍት አውቶቡስ ተሳፍረን ሄድን። አገሩ ሼካዋቲ ይባላል።

ሲራራ ነጋዴው ምን ሆነ?

ሼካዋቲ በሰሜን ራጃስታን ያለ አሸዋማ አገር ነው፤ ጁንጁኑ፣ ሲካርና ቹሩ የሚባሉትን አውራጃዎች ይዟል። ስሙ የተወሰደው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኖረው ከራኦ ሼካ ነው። ዝናቡ ትንሽ፣ እርሻውም ደካማ ነው። ታዲያ በዚህ ደረቅ መሬት ላይ በመቶ የሚቆጠሩ፣ ከእግር እስከ ራሳቸው በሥዕል የተሸፈኑ ትልልቅ ቤቶች ከየት መጡ?

መልሱ መንገድ ነው። ከጉጅራት ወደቦች ወደ ደልሂና ወደ ሰሜን የሚሄደው የግመል ቅፍለት በዚህ በኩል ያልፍ ነበር። የየከተማው ገዥዎች ቀረጥ ቀንሰው ነጋዴ ይስባሉ፤ ቀረጥ ያበዛ ደግሞ ነጋዴውን ያጣል። ፖዳር የሚባሉት ነጋዴዎች ከቹሩ ገዥ ጋር በቀረጥ ተጣልተው ለቀው መሄዳቸውና በ1791 (በጽሑፋችን ሁሉ ዓመቱ እ.ኤ.አ. ነው) ራምጋር የምትባል የራሳቸውን ከተማ መቆርቆራቸው እስከ ዛሬ ይወራል። ነጋዴ ሲያኮርፍ ከተማ ይሠራል ማለት ነው!

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ነገሩ ተገለበጠ። እንግሊዞች ንግዱን ወደ ቦምቤይና ወደ ካልካታ ወደቦች ሳቡት፤ የባቡር ሐዲዱም ግመሉን ሥራ ፈት አደረገው። መንገዱ ሲሞት ነጋዴው ምርጫ አልነበረውምና ልጁን ላከ። ማርዋሪ የሚባሉት እነዚህ ነጋዴዎች ከቤታቸው ሲወጡ አንድ የናስ ጣሳና አንድ ብርድ ልብስ ብቻ ይይዙ ነበር ተብሎ ይነገራል። መድረሻቸው ካልካታ፣ ቡራባዛር የሚባለው ገበያ ነበር። አዲስ የመጣው ወጣት የአገሩ ልጆች በጋራ በሚያበስሉበት፣ በጋራ በሚያድሩበት ቤት ይጠጋል፤ ከአንድ ዘመዱ ሱቅ ሒሳብ መጻፍ ይለምዳል፤ ቀስ በቀስ የራሱን ይከፍታል።

ገንዘቡስ እንዴት ወደ ቤት ይመጣ ነበር? «ሁንዲ» በሚባል ወረቀት ነው። ካልካታ ላይ ገንዘብ ከፍለህ የተጻፈልህን ወረቀት ትልካለህ፤ አገር ቤት ያለው የነጋዴው ወኪል ወረቀቱን አይቶ ለቤተሰብህ ይከፍላል። ሐዋላን ለሚያውቅ የእኛ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም።

ስለ ገንዘቡ ምንጭም እውነቱን እንናገር። ጥጥ ነበር፣ ጨርቅ ነበር፣ የጆንያ ቃጫ ነበር። ወደ ቻይና የሚጫን ኦፒየምም ነበር። ያማረውን ግድግዳ ስናደንቅ ይህንንም አብረን ብናስታውስ ጥሩ ነው። ከዚሁ አገር የወጡት ስሞች ዛሬም ትልልቅ ናቸው፤ የቢርላ ቤተሰብ መነሻው ፒላኒ ነው፤ የብረቱ ከበርቴ ላክሽሚ ሚታልም በ1950 የተወለደው በሳዱልፑር ነው።

ቤቱ ሲነበብ

ናዋልጋር በ1737 የተቆረቆረች ከተማ ናት። እዚያ በደንብ ተጠግኖ የቆመ፣ ዛሬ ሙዚየም የሆነ አንድ ቤት አለ፤ የፖዳር ሐቬሊ። የተሠራው በ1902 ነው። ባለቤቱ አናንዲላል ፖዳር በቦምቤይ በጥጥና በጨርቃ ጨርቅ የከበረ ነጋዴ ነበር። ቤቱ ሙዚየም ከመሆኑ በፊት ትምህርት ቤትም ሆኖ ያውቃል።

ሐቬሊ እንዴት እንደሚነበብ ያወቅነው እዚህ ነው። ትልቁ በር በናስና በብረት ተለብጧል፤ በትልቁ በር ውስጥ ደግሞ ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት ትንሽ በር አለ። ትልቁ የሚከፈተው ለሠርግና ለክብር ነው፤ የየዕለቱ ሰው በትንሹ ይገባል። ከዚያ ሰማዩ የሚታይበት የመጀመሪያው ውስጠ ግቢ ይመጣል። ይህ የወንዶች ነው። በጎኑ ያለው ክፍል ነጭ ፍራሽና መከዳ ተነጥፎበት ነጋዴው እግሩን አጣጥፎ የሚቀመጥበት፣ የሒሳብ መዝገቡን የሚገልጥበት፣ ደንበኛ የሚቀበልበት ቢሮው ነው።

ከዚያ ሌላ በር። እንግዳ ወንድ ከዚህ አያልፍም። ሁለተኛው ውስጠ ግቢ የሴቶች ነው፤ ወጥ ቤቱ፣ የውሃ እንስራ ማስቀመጫው፣ የልጆቹ መጫወቻ ሁሉ እዚያ ነው። ሴቶቹ በፎቁ ላይ ባለው ወንፊት በመሰለ መስኮት እነሱ ሳይታዩ ውጪውን ያያሉ። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ግቢው መሐል ለመሐል ክፍት ስለሆነ በበጋው ሐሩር ሙቀቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ በዙሪያው ያለው ክፍል ጥላ ሆኖ ይቀዘቅዛል።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ቤቱን የሠራው ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ቦምቤይ ወይም ካልካታ ነው ያለው። የወንዶቹ ግቢ የሚሞላው ለሠርግና ለበዓል ነው። ዓመቱን ሙሉ ቤቱን ቤት ያደረጉት በሁለተኛው ግቢ የነበሩት ሴቶች ናቸው። ባል በደብዳቤና በሁንዲ ይመጣል፤ ልጅ ካደገ እሱም ጣሳውን ይዞ ይሄዳል። በግድግዳው ላይ የነጋዴው ስምና ገጽ አለ። የጠበቁት ሴቶች ስም የተጻፈበት ግድግዳ ግን እኛ አላየንም።

ያላየውን የሚስል ሠዓሊ

ሥዕሎቹ ቤቱን ለብቻቸው ያስጎበኛሉ። ሠዓሊዎቹ ብዙዎቹ ከሸክላ ሠሪ ወገን የመጡ፣ ግንቡንም ሥዕሉንም የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ኖራው ሳይደርቅ ይስሉበታል፤ ቀለሙ ከኖራው ጋር አብሮ ይደርቃልና በቀላሉ አይለቅም። ጥቁሩ ከመብራት ጥላሸት፣ ነጩ ከኖራ፣ ቀዩ ከቀይ አፈር፣ ሰማያዊው ኢንዲጎ ከሚባለው ተክል ነበር። ወደ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከአውሮፓ የኬሚካል ቀለም ሲገባ ግድግዳው ሁሉ ደመቀ።

በመጀመሪያዎቹ ቤቶች ክሪሽናና ራማ ይበዛሉ። ቆይቶ ግን ግድግዳው ላይ ባቡር፣ አውቶሞቢል፣ ግራሞፎን፣ ባርኔጣ ያደረገ እንግሊዛዊ ይመጣሉ። ሠዓሊው ባቡር አይቶ ላያውቅ ይችላል። ባለቤቱ ከካልካታ ሲመለስ «በብረት ላይ የሚሮጥ፣ ጭስ የሚተፋ የቤት ሰልፍ ነው» ብሎ ሳይነግረው አይቀርም፤ ስለዚህ አንዳንዱ ባቡር ጎማ የተገጠመላቸው ትንንሽ ቤቶች ይመስላል። ማንዳዋ በምትባለው ከተማ በአንዱ ቤት ግድግዳ ላይ የራይት ወንድማማቾች አውሮፕላን ተስሎ አየን፤ እነሱ የበረሩት በ1903 ነው። በፖዳር ሐቬሊ ደግሞ ከአንድ ጎን ሲያዩት የበሬ ራስ፣ ወደ ሌላው ጎን ሲያልፉ የዝሆን ራስ የሚሆን ሥዕል አለ። ወዲያና ወዲህ ስንመላለስ ጥበቃው ሳቀብን።

አለማየት ስህተት ነው ያለው ማን ነው? እነዚያ ጎማ ያላቸው ቤቶች ከትክክለኛው ባቡር ይልቅ እውነት ይናገራሉ። ሩቅ አገር ያለ ሰው ያወራውን ወሬ፣ አገር ቤት የቀረው እንዴት እንደሰማው የሚያሳዩ ናቸው።

የተዘጋው በር

ከፖዳር ሐቬሊ ጥቂት ርቀን ሌላ ቤት አገኘን። ሥዕሉ በጭስ ጠቁሯል፤ ዋናው በር በሰንሰለት ታስሯል። አንድ ሽማግሌ ትንሿን በር ከፍተው «ግቡ ልጆቼ» አሉን። ዘበኛው ናቸው። ከባለቤታቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በመጀመሪያው ግቢ፣ በነጋዴው ቢሮ ውስጥ ይኖራሉ። ፍራሹ በነበረበት ቦታ የሽንኩርት ጆንያ ተደርድሯል። ከእሳቸው በፊት አባታቸው የዚያው ቤት ጠባቂ ነበሩ።

«ባለቤቶቹ ይመጣሉ?» አልናቸው በተሰባበረ ሕንድኛችን።

«ወንድ ልጅ ሲወለድ ይመጣሉ። የመጀመሪያ ፀጉሩን እዚህ ነው የሚያስላጩት። ሠርግ ሲኖርም ሙሽሮቹን ያስባርካሉ። ሲመሽ ወደ ሆቴል ይሄዳሉ።»

«ቤቱ አሁን የማን ነው?»

በጣቶቻቸው መቁጠር ጀመሩ። የካልካታው ታላቅ ወንድም ልጆች፣ የሙምባዩ፣ የሱራቱ፣ አሜሪካ ያለችው... አንዱን እጅ ጨርሰው ወደ ሁለተኛው ሲሻገሩ ተዉትና ሳቁ።

ነገሩ ይኸው ነው። በጥንቱ የሕንድ የጋራ ቤተሰብ ሥርዓት ወንድ ልጅ በመወለዱ ብቻ በአባቶቹ ንብረት ላይ ድርሻ ያገኛል፤ በ2005 የወጣው ማሻሻያ ለሴት ልጅም እኩል መብት ሰጥቷል። ፍትሕ ነው። ግን በሦስትና በአራት ትውልድ ውስጥ የአንድ ቤት ባለቤት ስንት እንደሚሆን አስሉት። አንዱ ይሸጥ ይላል፤ ሁለተኛው የአያቴ ስም ነው ይላል፤ ሦስተኛው ስልክ አያነሳም። ለጣሪያው ጥገና ግን ማንም ብቻውን ገንዘብ አያወጣም። ዝናብ ደግሞ የወራሾችን ስምምነት አይጠብቅም።

የእኛ ሰው «የአባት ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» ይላል። በሼካዋቲም የተጠረበው በር፣ መስኮቱ፣ ምሰሶው እየተነቀለ ለጥንታዊ ዕቃ ነጋዴ የተሸጠበት ቤት ብዙ ነው። የተረፉት የተረፉት አንድ ሰው ወስኖ ኃላፊነት ስለወሰደ ነው። አንዳንዶቹ ሆቴል ሆኑ። በፋቴፑር በ1802 የተሠራውን ቤት በ1998 ናዲን ለ ፕሬንስ የምትባል ፈረንሳዊት ሠዓሊ ገዝታ አሳደሰችው። ቤቱን ያዳነችው የሩቅ አገር ሰው መሆኗ ያሳፍራል የሚሉ አሉ። እኛ ግን የሚያሳፍረው መዳኑ አይመስለንም።

ለእኛስ?

የሕንድ ነጋዴ እኛም ዘንድ ደርሷል። ሐረር ውስጥ «የራምቦ ቤት» የሚባለው፣ ባለ ቀለም መስታወቱና ባለ እንጨት ፎቁ ቤት የሕንድ ነጋዴ ቤት ነው፤ ገጣሚው በ1891 ከሞተ በኋላ የተሠራ። የሠራው ሰው ስም ሳይሆን፣ ያልኖረበት ሰው ስም ቀረበት። ቤቱ የዳነው ግን ሙዚየም ሆኖ አንድ ባለቤት ስላገኘ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ከናዋልጋር ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ዝም ያሰኘን ሌላ ነገር ነው። ከሦስታችን የአንዷ አያት ደሴ ላይ የሠሩት ቤት አለ። ዘጠኝ ልጆች ወልደዋል። ልጆቹ ዋሽንግተን፣ ዱባይ፣ አዲስ አበባ ናቸው። ቤቱን የሚጠብቁት አንድ አዛውንት ከነቤተሰባቸው በሰርቪስ ቤቱ ይኖራሉ። ሳሎኑ ተቆልፏል፤ በዓመት አንዴ ለተዝካር ይከፈታል። ሐቬሊን ስናይ ሌላ አገር ያየን መስሎን ነበር።

ጓደኛችን ያን ሳምንት አባቷን ደውላ ጠየቀች፤ «አባዬ፣ የአያቴ ቤት በማን ስም ነው?» አባቷ ረጅም ዝምታ ዝም አሉና «እሱን ነገር አሁን ለምን ታነሺዋለሽ?» አሏት። በኋላ ግን ወንድሞቻቸውን ሰበሰቡ። እስካሁን ስምምነት ላይ አልተደረሰም፤ ሁለቱ ይሸጥ ብለዋል፤ አንዷ አክስት አለቀሱ። ቢያንስ ግን የወራሾቹ ዝርዝር በወረቀት ላይ ሰፍሯል፤ ሰነዱ የት እንዳለም ታውቋል፤ የጣሪያው ቆርቆሮም በመዋጮ ተቀይሯል።

ወጣቶች ነን፤ የቤት ባለቤት መሆን ለብዙዎቻችን ሕልም ነው። የአያቶቻችንን ቤት በተመለከተ ግን መጠየቅ ገንዘብ አይፈልግም። የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት እያሉ፣ ወንድማማቾቹ ገና እየተደዋወሉ ሳለ፣ ቤቱ የማን እንደሆነና ማን እንደሚጠግነው እንጠይቅ። ሽማግሌው ዘበኛ በጣታቸው መቁጠር እስኪያቅታቸው ድረስ አንጠብቅ።