ጥቁር አንበሳ ውስጥ ማን ይወስናል?

ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ካሉት ግቢዎች አገር ሁሉ የሚያውቀው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን ነው። ከነቀምቴ፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከጎዴ ሪፈር ተጽፎለት የመጣ ሕመምተኛ በር ላይ ሲደርስ የሚያስጨንቀው ዛሬ ይታይ እንደሆነ፣ አልጋ ይገኝለት እንደሆነ ነው። አካዳሚክ ኮሚሽን የሚባል የኮሌጅ ጉባኤ መኖሩን አያውቅም፤ እንዲያውቅም አይጠበቅበትም። ነገር ግን አልጋው አጠገብ ስንት ተማሪ እንደሚቆም፣ ሌሊት ዱቲ ላይ ያለው ሬዚደንት ሲጨንቀው የትኛው ሲኒየር ጋ እንደሚደውል፣ ነርሷ «የታዘዘው መጠን ልክ አልመሰለኝም» ብትል ቃሏ የት እንደሚደርስ የሚወሰነው እንዲህ ባሉ ስብሰባዎች ላይ ነው። ስለ ኮሚቴ ማውራት ሰው እንደሚያሰለች አውቃለሁ። እኔን ግን የሚያሳስበኝ ጉዳይ ስለሆነ ዛሬ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ታገሡኝ።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። የሕክምና ፋኩልቲው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር በ1957 ዓ.ም. ገደማ ሲቋቋም የራሴ የሚለው ሆስፒታል አልነበረውም። ጥቁር አንበሳ የተከፈተው ከዚያ በኋላ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። ለረጅም ጊዜ ተማሪ ሲማርበት ቢቆይም ባለቤቱ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ነበር፤ ሚኒስቴሩ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስረከበው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። እስቲ አስቡት፤ ከ20 ዓመት በላይ በአንድ ሕንጻ ውስጥ ተማሪው የዩኒቨርሲቲው፣ ዋርዱ የሚኒስቴሩ ነበር። ፕሮፌሰሩ ለተማሪው ማርክ ይሰጣል፤ ጓንት ሲጠፋ፣ ነርስ ሲያንስ፣ አልጋ ሲሞላ ግን የሚያዝበት ነገር የለውም።

ርክክቡ ይህን አስተካከለ፤ ሌላ ጥያቄ ግን ይዞ መጣ። የዩኒቨርሲቲ ኮሚቴዎች የተሠሩት ለካሪኩለም፣ ለፈተና፣ ለቅጥር፣ ለዕድገት፣ ለጥናት ፈቃድ ነው። ሴሚስተርን ተከትለው ይሰበሰባሉ። ሆስፒታል ደግሞ ሴሚስተር አያውቅም። የቀዶ ሕክምና ወረፋ፣ የደም እጥረት፣ የኦክስጅን ነገር፣ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛ ሆኖ የቆየው የጨረር ሕክምና ማዕከል ፊት የሚሰለፈው ሕዝብ፣ ይህ ሁሉ ሐሙስ ከሰዓት የሚደረግን ስብሰባ አይጠብቅም። ዩኒቨርሲቲው ከ700 በላይ አልጋ ያለው ተቋም ባለቤት ሲሆን ያን ተቋም የሚመጥን የውሳኔ ልማድ አብሮ አልተረከበም።

ከ15 ዓመት ገደማ በፊት የጤና ሳይንስ ኮሌጅ የሚለው አደረጃጀት ሲመጣ የሕክምና፣ የፋርማሲ፣ የኅብረተሰብ ጤናና የአላይድ ሄልዝ ትምህርት ቤቶች ከሆስፒታሉ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። ከላይ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዳይሬክተር ተቀመጠ፤ ትምህርቱም ሕክምናውም በእሱ ተጠሪነት ሥር ሆነ። ይህ ትክክለኛ እርምጃ ነበር ብዬ አምናለሁ። የተዋሃደው ግን ላይኛው ወንበር ነው። ታች ዋርድ ላይ የትምህርት ክፍል ኃላፊውን እዩት። የራሱ ክሊኒክ አለው፣ የኦፕሬሽን ቀን አለው፣ የሚያማክራቸው ሬዚደንቶች አሉት። የትምህርት ክፍል ጉባኤውን ይሰበስባል፣ የድኅረ ምረቃ ኮሚቴው አለበት፣ አካዳሚክ ኮሚሽኑ («ኤሲ») ላይ ይቀመጣል፣ በመሃል ጊዜያዊ ኮሚቴ ይጨመርበታል። ጠዋት «ሞርኒንግ» በሚባለው ስብሰባ ላይ ስለ ሞተ ሕመምተኛ ይጠየቃል፤ ከሰዓት ስለ መምህራን ምዘና ይጠየቃል። ሁለቱ ጥያቄዎች ሲጋጩ፣ ማለትም ዋርዱ ሰው ሲፈልግና ክፍሉም መምህር ሲፈልግ፣ ማን እንደሚዳኝ ጥርት ብሎ ካልተጻፈ የሚዳኘው ድካሙ ነው። የሚቀረው ደግሞ ሁልጊዜ ትምህርቱ ነው፤ ምክንያቱም ያልተማረ ተማሪ በዚያው ቀን አይጮኽም።

ሕጉ ስለ ኮሚቴ ዝም አላለም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995፣ ቀጥሎ 650/2001፣ ከዚያም 1152/2011 ወጥተዋል። ቦርድ፣ ፕሬዚዳንት፣ ሴኔት፣ የሥራ አመራር ጉባኤ፣ እስከ አካዳሚክ ክፍሎች ጉባኤ ድረስ በተዋረድ ተቀምጧል። ወረቀቱ ላይ የመምህሩ ድምፅ ከታች ተነሥቶ ሴኔት የሚደርስበት መንገድ አለ። መንገድ መኖሩ ግን ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስጥል ይህ ግቢ ከማንም በላይ ያውቃል።

ታሪኩ ከእነዚህ አዋጆች ቢቀድምም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን የማነሣው ለዚህ ነው። የሕክምና ፋኩልቲው ዲን የነበሩ፣ ትውልድ ያስተማሩ ቀዶ ሐኪም ናቸው። በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. የተማሪዎች ሰልፍ በኃይል ከተበተነ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ ከ40 በላይ የዩኒቨርሲቲው መምህራን በደብዳቤ ተሰናበቱ፤ አሥራት አንዱ ነበሩ። በፖለቲካቸው መስማማት አለመስማማት ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ የምጠይቀው የአስተዳደር ጥያቄ ነው። አንድ መምህር ከሥራ ሲሰናበት በእኩዮቹ ፊት ቀርቦ መልስ የሚሰጥበት፣ ክሱን የሚሰማበት፣ ውሳኔው የሚመዘንበት ጉባኤ የት ነበር? የሕክምና ተማሪዎች በማግስቱ ዋርድ ሲገቡ ቀዶ ሕክምና ከሚያስተምሯቸው አንዱ የለም፤ ያንን ቀዳዳ ማን እንደፈጠረው የሚያስረዳ ቃለ ጉባኤስ የት አለ? ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ መምህራን ከዚህ የተማሩት ትምህርት ስብሰባ ላይ ዝም ማለትን ነው። ይህ ዝምታ እስከ ዛሬ ድረስ በየኮሚቴው አብሮን ይቀመጣል ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ዝምታው እንዴት እንደሚሠራ በቅርብ አይቻለሁ። ስሙን በማልጠራው ኮሌጅ ውስጥ የተማሪዎች የዋርድ ቆይታ እንዲያጥር ተወሰነ። ኮሚቴው ተሰብስቧል፣ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል፣ ፊርማው አለ። ዋርድ ላይ የሚያስተምሩት ሰዎች ግን የሰሙት ከተማሪዎቹ ነው። ዋና ነርሷ ለአዲሱ ቡድን ትውውቅ ልታዘጋጅ ስትነሣ ቡድኑ እንደማይመጣ ተነገራት። ማንም ሕግ አልጣሰም። ውሳኔው ጥሩም ሊሆን ይችል ነበር፤ ሆኖም ጠረጴዛው ዙሪያ ከነበሩት አንዱም በዚያ ወር ዋርድ ላይ ራውንድ አልወጣም ነበር። ጉባኤተኞቹን እንደ ሰው አልወቅስም፤ ሁሉም የሚችሉትን ያህል ደክመዋል። ያልሠራው አወቃቀሩ ነው።

እዚህ ላይ ጎንደርን ሳላነሣ ብቀር ቅር ይለኛል። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የኮሚዩኒቲ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በአንድ ግቢ አሠለጠነ፤ ከመመረቃቸው በፊት ደግሞ በቡድን አድርጎ እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች ላካቸው። «ቲም ትሬኒንግ» የሚባለው እሱ ነው፤ ስሙ ዛሬም ጎንደር ውስጥ ሕያው ነው። አንድ ቀበሌ ውስጥ ውኃው ሲቆሽሽ፣ ልጅ ሲያስቀምጠው፣ እናት በምጥ ስትያዝ፣ የአንዱ ሙያ ብቻውን እንደማይበቃ ተማሪው በመጀመሪያው ሳምንት ያየዋል። የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ተማሪዎቻችን በቡድን እንዲሠሩ ከ70 ዓመት በፊት አስተማርናቸው፤ እኛ መምህራኑ ግን አንድ የካሪኩለም ኮሚቴ ላይ እንኳ በቡድን አልተቀመጥንም። የፋርማሲው ጉዳይ ፋርማሲ፣ የነርሲንጉ ነርሲንግ፣ የሕክምናው ሕክምና ይሄዳል። የጤና ሳይንስ ኮሌጁ አንድ ከተባለ ሕመምተኛውን የሚነኩ ጉዳዮች፣ ማለትም የመድኃኒት ስህተት፣ የኢንፌክሽን ቁጥጥር፣ የተማሪ ቁጥጥር፣ ሁሉም ትምህርት ቤቶች እኩል ድምፅ ባላቸው ኮሚቴ መታየት አለባቸው። እኩል ስል በአባላት ቁጥር ብቻ አይደለም። ሰብሳቢነቱ ይዙር፤ ሚድዋይፏ ትሰብስብ፣ ፋርማሲስቱ ይሰብስብ። ሐኪም ያልሆነ ሰው የሚመራው ስብሰባ ላይ ሐኪሞች ዘግይተው መምጣታቸውን ያቆሙ ዕለት ብዙ ነገር ይለወጣል።

የኮሚቴን ሥልጣን ጉዳይ በጥብቅ የሚይዙ አገሮች አሉ። አሜሪካ ውስጥ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ዕውቅና ሲመዘኑ ካሪኩለሙን በባለቤትነት የሚይዝ፣ ሥልጣኑ በጽሑፍ የተሰጠው የመምህራን ኮሚቴ መኖሩ ይጠየቃል። አማካሪ ኮሚቴ አይበቃም። ዲኑ ብቻውን የሚቀይረው ካሪኩለም ጥሩ ቢሆንም ተቀባይነት የለውም። እኛ ዘንድ ሌላ ሞዴልም አለ፤ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተጠሪነቱ ለጤና ሚኒስቴር ነው፤ ጥቁር አንበሳ የተጓዘበትን የሁለት ባለቤት ዘመን በዚያ መልኩ አላየም። የትኛው እንደሚሻል እዚህ ልፈርድ አልፈልግም። ተጠሪነቱ ለማንም ይሁን፣ ያው የዋርድ ጥያቄ ይመጣል።

አሁን ጉዳዩን ለምን አነሣሁት? አዋጅ ቁጥር 1294/2015 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ የሚሆኑበትን በር ከፈተ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ሆነ። በገንዘብ፣ በሰው ኃይል፣ በአደረጃጀት፣ በአካዳሚክ ጉዳይ ራሱን ያስተዳድራል ማለት ነው። እስከ ትናንት «ከላይ ነው የመጣው» ብለን የምናልፈው ብዙ ነገር ከእንግዲህ ከላይ አይመጣም። ይህ ደስ ያሰኘኛል፤ ያስፈራኛልም። የሚያስፈራኝ ራስ ገዝነቱ ቦርዱና ፕሬዚዳንቱ ጋ ደርሶ እዚያው ከቆመ ነው። ሚኒስቴሩ ይወስን የነበረውን ጥቂት ሰዎች ስድስት ኪሎ ዋናው ግቢ ላይ ቢወስኑት ልደታ ላሉት ነርስና ሬዚደንት ልዩነቱ አይታያቸውም።

ስለዚህ የውስጥ ደንቦች ሲሻሻሉ እነዚህ ነገሮች እንዲጻፉ እፈልጋለሁ፤ ግቢው ውስጥ ያላችሁ ወዳጆቼ አጀንዳ አስይዙልኝ። ማንኛውም ኮሚቴ ሲቋቋም ምን ላይ እንደሚወስንና ምን ላይ ምክር ብቻ እንደሚሰጥ በአንድ ገጽ ይጻፍለት። ጊዜያዊ ኮሚቴ የሚፈርስበት ቀን ይኑረው። የክሊኒካል ትምህርትን የሚመለከት ውሳኔ በዚያ ሴሚስተር ዋርድ ላይ የሚያስተምር መምህር፣ አንድ ነርስ፣ አንድ ሬዚደንትና አንድ ኢንተርን ድምፅ ሳይሰጡበት አይጽደቅ፤ ሬዚደንቱ ዱቲ ወጥቶ ካደረ ስብሰባው በእሱ ሰዓት ይሁን። ኮሚቴ ውስጥ ማገልገል እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠር፤ ለዕድገት ሲወዳደሩም ክብደት ይሰጠው። አሁን ባለው አሠራር ጥናት ያሳተመ ሲያድግ የፈተና ኮሚቴውን ሦስት ዓመት የመራው እዚያው ይቀራል፤ ከዚያ ጎበዞቹ ኮሚቴ ሲሸሹ እንገረማለን። ስንብትን፣ ቅጣትን፣ የኮንትራት አለመታደስን የሚመለከት ውሳኔ ደግሞ የሚመለከተው ሰው በእኩዮቹ ፊት ሳይሰማ እንዳያልፍ በማያሻማ ቋንቋ ይከልከል፤ ይህን የምለው 1985ን እያሰብኩ ነው።

ቃለ ጉባኤው ደግሞ ለአባላቱ ብቻ አይሁን። የግለሰብ ምስጢር ያለበት ክፍል ተለይቶ ይቀመጥ፣ የቀረው በሳምንት ውስጥ ለክፍሉ መምህራንና ለዋርዱ ሠራተኞች ይድረስ፤ ምን ተወሰነ፣ በማን ድምፅ፣ ማን ያስፈጽማል፣ እስከ መቼ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከውጭ ባለሙያም አያስመጣም። በሚቀጥለው የትምህርት ክፍል ጉባኤ የመጀመሪያው አጀንዳ «ባለፈው የወሰንነው ምን ደረሰ?» የሚል ቢሆን ሥራው ከዚያ ይጀመራል። የሞከራችሁት ክፍሎች ካላችሁ እንዴት እንደሄደላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ በተለይ ነርሶችና ሚድዋይፎች፣ የእናንተን መስማት እፈልጋለሁ።